አጥሩ ላይ የተሰጣው ጋቢ

ገብስ ሲቆላ ከሸተተኝ ከየት ቤት እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም። በቀደም ጎረቤቶቼ ለበሶ የሚሆን ገብስ ይቆሉ ነበርና ሽታው በመስኮት ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥሁ አገኘኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ አፍንጫዬ ግን ገና ልጅ ነው። ወዲያው ብረት ምጣዱ፣ ሙቀጫው፣ የባሌ የአያሌው ካኪ ሱሪ፣ የመኪናው የናፍጣ ጭስ፣ ከፊት ለፊታችን በረንዳ ላይ ጌሾ የምትወቅጠው ይርጋለም፣ ሁሉም ተግተልትለው መጡ። ይርጋለም ስትመጣ ደግሞ ቅናቴም አብሯት መጣ። እሱም እንደ አፍንጫዬ ነው፤ አላረጀም።

ቅናተኛ መሆኔን አልደብቅም። ሌላው ሰው ስኳር አለብኝ፣ ደም ብዛት አለብኝ እንደሚለው ሁሉ እኔም ቅናት አለብኝ እላለሁ። ከእናቴ ነው የወረስሁት፤ እሷ አባቴ ለቅሶ ቤት ሲሄድ እንኳ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ታስጠይቅ ነበር። የእኔ ግን ያለ ነገር የተነሣ አይደለም። ምክንያቱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ባለፈው ወር በከተማው አዳራሽ፣ ከአርባ ዓመት ግድም በፊት በነበረው ጦርነት ዘመን በስውር መረጃ ሲያቀብሉ ለነበሩ ሴቶች የምስጋና ቀን ተደርጎ ነበር። ለየትኛው ወገን እንዳቀበሉ አላነሣም፤ ያ ጉዳይ ዛሬም ሰው ያጣላል፣ እኔን ያጣላኝ ደግሞ ሌላ ነው። ልጄ ምሥራቅ «እማዬ፣ እትዬ ይርጋለምም አሉበት እኮ፤ የድሮ ጎረቤትሽ አይደሉ?» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መድረኩ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የመኮንኖች ክበብ ጠራጊ የነበረች ናት፤ ቢራ የሚጠጡትን ሻለቆች ከእግራቸው ሥር እየጠረገች ስታዳምጥ ኖራለች። ሁለተኛዋ ለማኝ መስላ ከጦር ሰፈሩ በር የምትቀመጥ ነበረች። እንዴ፣ ያችን ሴትዮ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ስሙኒ መጽውቻታለሁ! ሦስተኛዋ ይርጋለም ናት፤ የጌሾ ነጋዴዋ ይርጋለም። ጥልፉ የሚያብረቀርቅ ካባ አለበሷት። ወገቧ አልጎበጠ፣ ጥርሷ አልጎደለ። እኔ በከዘራ ነው የምሄደው።

ካባው የሚቻል ነበር። ያልተቻለኝ ንግግሯ ነው። ድምፅ ማጉያውን ሲሰጧት ጉሮሮዋን ጠረገችና «ተቤቴ ፊት ለፊት አንድ የጦር መኪና ሹፌር ይኖር ነበር። ጥይትና ስንቅ የጫኑት መኪኖች መቼ እንደሚወጡ፣ በየት እንደሚሄዱ ያወቅሁት ተዚያ ቤት ነው» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም። ምሥራቅ ዘወር ብላ አየችኝ። በዚያ ሰፈር ስንት የጦር መኪና ሹፌር ነበረ? አንድ። እሱም ባሌ ነው።

አያሌው ካረፈ ሰንብቷል፤ ተነሥና መልስ አይባልም። እቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ተቀምጬ አሰብሁ። ነግሯት ከሆነ መቼ ነገራት? የት ሆነው? ወንድ ልጅ ነፍሱን የሚያስጠይቅ ምስጢር ለጌሾ ነጋዴ በከንቱ አያወጣም፤ ምን ብትሰጠው ነው? ከዚያ ደግሞ ሌላው ቅናት ተከተለ። ምስጢር መያዝ የሚያስመሰግን ከሆነ፣ ለምን እኔ አልተመሰገንሁም? አያሌው ጉዞውን ሁሉ ለእኔ ይነግረኝ ነበር፤ «ጥሩዬ፣ ሆድ ይፍጀው» ይለኛል፣ ሆዴም ይፈጀዋል። ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሰላይ የሚፈልጉ ከነበረ እኔን የሚያህል ማን ነበር? ግን ወደ እኔ ማንም አልመጣም። እሷን መረጧት። እሷ መረጠችው። እኔ ገብስ ስቆላ ቀረሁ።

ያኔ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። አስተማሪው በብስክሌት፣ የፋብሪካው ሠራተኛ በብስክሌት፣ ቄሱ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው በብስክሌት። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ሰዓት የሌለው ሁሉ ሰዓት ይኖረዋል፤ የምሳ ሽሮ የሚጣደው በእሱ ነው። ዘንባባዎቹ ገና አጫጭሮች ነበሩ፤ ዛሬ አንገት ቀና አድርጎ የሚታየውን ዘንባባ እኔ በቁመቴ አውቀዋለሁ። ሐይቁ ዳር ታንኳዎቹ ሲደርሱ አንድ ትልቅ ቀረሶ ዓሣ በብር ይገዛል፤ ባለታንኳው ደንበኛው መሆንሽን ካወቀ ከላዩ ላይ አንድ አምባዛ ይጥልልሻል። ሴቱ ሁሉ ናይለን ሻሽና ፕሊሴ ቀሚስ፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው። ከመንገዱ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ይዘፍናል፤ ሲላላ በእስክርቢቶ ጠምጥመው ይመልሱታል፣ እንደገና ይዘፍናል። ዘፈኑ ስለ ሄደ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን የማይሄድ ሰው አልነበረምና ሁሉም የእኔ ነው ይላል። ዛሬ በዚያ ጥግ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ የሚዘፈነውም አይገባኝም።

አያሌው ያኔ መልከ መልካም ነበር። ሞተ ብዬ ሳይሆን እውነቴን ነው። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ኡራል የሚባለውን የጦር መኪና የሚነዳ። ከመንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። ለእኔ ነው ይላል። እኔም ለእኔ ነው እላለሁ፤ ግን ክላክሱ በጮኸ ቁጥር ከፊት ለፊት በረንዳ ይርጋለም ከሙቀጫዋ ቀና ትላለች። አንድ ቀን ቀና ሳትል ብትቀር ምን ነበረበት? ሁልጊዜ ቀና ትላለች። ሰው ክላክስ ሲሰማ ቀና ማለቱ የወግ ነው ትሉ ይሆናል። እናንተ አታውቋትም።

ይርጋለም ብቻዋን ነበር የምትኖረው። አግብታ ፈታለች ይባል ነበር፤ እሷ አታወራም። በየሳምንቱ በታንኳ ዘጌ ትሻገርና የጌሾ ቅጠልና የጌሾ እንጨት፣ ሲገኝም ሎሚ ጭና ትመለሳለች። የሰፈሩ ጠላ ሁሉ በእሷ ጌሾ የተጠነሰሰ ነው። ስትስቅ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል ይባላል። እኔን ግን ትወደኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። ምሥራቅን ስወልድ ምጡ በጠናብኝ ጊዜ ወገቤን ይዛ ያደረች እሷ ናት፤ አያሌው መንገድ ላይ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ግን፣ አጠገቤ ስለነበረች ከቁም ነገር አልቆጠርኋትም። ባሌ ከመንገድ ሲገባ የግቢያችንን በር እዘጋባታለሁ። ሲወጣ እከፍትና «ነይ እንጂ ይርጌ፣ ምነው ጠፋሽ?» እላታለሁ። እሷም ሳትቀየም ትመጣለች።

መኪኖቹ በብዛት ሆነው፣ ተከታትለው ነው የሚወጡት። ከባሕር ዳር ወጥተው ሐሙሲት ላይ ሻይ ይጠጡና ወረታ ሲደርሱ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ቀኝ የታጠፈ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀጥ ብሎ የሄደ ጎንደርን አልፎ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ሰው ከሸሚዙ ይጣላል። አያሌው ወዴት እንደሚሄድ ለእኔ ከነገረኝ በኋላ እጄ ሥራ ይጀምራል። ለሁለቱም መንገድ ገብሱን ቆልቼ በሶ አዘጋጃለሁ። ደብረ ታቦር ከሆነ ጋቢውን አጥባለሁ። የሰው ባል ከሰው መሀል ሲገኝ የሚስቱ እጅ ነው የሚታየው፤ የእኔ ባል በዘይት የተጨማለቀ ጋቢ ለብሶ ብርድ አገር አይገባም። የወሩን ሳሙና ጋቢው ላይ እጨርስና ራሴን በእንዶድ አጥባለሁ።

የልብስ ማስጫ ገመዳችን ጓሮ ነበር። የእኔን ቀሚስ፣ የሕፃኗን ጨርቅ ሁሉ እዚያ አሰጣለሁ። የአያሌውን ጋቢ ግን ጓሮ አላሰጣሁትም። በፊት ለፊቱ አጥር ላይ፣ ከይርጋለም በረንዳ ትክክል፣ አራት እጥፉን ዘርግቼ አሰጣዋለሁ። ትየው ብዬ ነዋ። ይህ ሰው የሚያጥብለት አለ፣ ጋቢውን እንደ ወተት የምታነጣ ሚስት አለችው፣ ትወቅ፣ ቆሽቷ ይረር ብዬ ነው። ጋቢ እንደ ነጠላ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያን ነጭ ባንዲራዬን ታየዋለች። እኔም በመስኮት ስታየው አያታለሁ። ሙቀጫዋን ትታ ትኩር ብላ ስታየው ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

የኮሶው ነገር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ጋቢው አጥሩ ላይ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ አያሌው በማግስቱ ማለዳ ወጪ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይርጋለም በነጠላዋ ሸፍና ጣሳ ይዛ መጣች። በሩ ላይ አቆምኋት።

«ጥሩዬ፣ አያሌው ፊቱ ገርጥቷል። ኮሶ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። «ይኸ ተደጋ የመጣ ደኅና ኮሶ ነው። ገና ሳይነጋ በባዶ ሆዱ ይጠጣው።»

«የባሌን ሆድ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ኧረ ጥሩዬ! ፊቱን አይቼ ነው እንጂ።»

«ፊቱንስ ማን እይው አለሽ?»

ሌላ ቀን ብትሆን ስቃ ትሄድ ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም። «ነገ ይጠጣው ግዴለሽም። ኮሶ የጠጣ ሰው ተቤት አይወጣም፤ አለቃም ቢሆን ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ይተወዋል። አንድ ቀን ቢያርፍ ምን አለበት?» ብላ እጄን ያዘችው። አልለቅም አለች። እኔም በልቤ፣ አሃ፣ ተያዘች፣ አፍራ ነው የምትለማመጠኝ አልሁ። ጣሳውን ተቀበልኋትና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ኮሶውን ዱባው ሥር ደፋሁት። ዱባው በዚያ ዓመት አላፈራም። ይህን ነገር ለዓመታት እንደ ጀብዱ አወራው ነበር፤ እህቴ ስትሰማው ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አያሌው በበነጋው ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ፣ በሶውን ይዞ፣ ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርጎ ወጣ።

መኪኖቹን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚያወጣው ዳገት ላይ ጠብቀው መቷቸው። የሞተው ሞተ፤ አያሌውን ከጉልበቱ በታች ጥይት አልፎት ሄደ። ሆስፒታል ቆይቶ በሰው ትከሻ እቤት ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ከሁሉ በፊት የደረሰችው ይርጋለም ናት። ደረቷን እየደቃች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ሚስቱ ቆሜ አያታለሁ። ለሞተ ሰው ይለቀሳል፤ ለቆሰለ ሰው እንዲህ ይሆናል? ሴቶቹ እሷን አይተው እኔን ያዩኛል፤ የማን ባል እንደሆነ የጠፋቸው ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የዓሣ ሾርባ ታመጣለች። አያሌው ይጠጣል። እኔ ሰሐኑን አጥቤ እመልሳለሁ፤ በጣም ነው የማጥበው።

«ወንዛዬ ፍል ውኃ ውሰጅው፣ ለአጥንት ደግ ነው» ያለችኝም እሷው ናት። ብቻዬን አልችለውምና አብራን መጣች። እስከ ሐሙሲት በአውቶቡስ፣ ከዚያ አያሌው በበቅሎ፣ እኛ በእግር። መኝታውን ጀርባዋ ላይ ያዘለችው እሷ ነበረች። ሐሙሲት ሻይ ቤት አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ መሀላቸው ገብቼ ተቀመጥሁ። አያሌው እግሩን መዘርጊያ አጥቶ ሲቸገር አይቼ እንኳ አልተነሣሁም። ወንዛዬ ላይ እሱን ወንዶቹ መታጠቢያ ካስገባነው በኋላ፣ እኔና እሷ እንፋሎቱ ዳር ተቀምጠን ሳለ «ጥሩዬ፣ እግሩ ይድናል?» አለችኝ። «ምን አገባሽ?» አልኋት።

እግሩ ዳነ፣ አነከሰ እንጂ። መኪና ግን አልነዳም። ከዚያ ጦርነቱ አለቀ፣ ሰዉ ተበታተነ፣ ይርጋለምም ቤቷን ለቃ ሄደች፤ ዘንዘልማ በኩል መሬት አግኝታ ቤት ሠራች ሲባል ሰማሁ። በዓመት በዓል እንኳን አደረሳችሁ ትልክብኛለች፣ እልክባታለሁ። አያሌው ሽማግሌ ሆኖ፣ የልጅ ልጁን ታቅፎ አይቶ አረፈ። በሕይወት ሳለ ስለ ይርጋለም አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይመልስልኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

እንግዲህ ከአዳራሹ ከተመለስሁ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ምሥራቅ «ተይው እማዬ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችኝ። ዘንዶውን ለአርባ ዓመት ግድም አቅፌው ስተኛ ኖሬያለሁ፣ ይውጣና ልየው አልሁና በሚኒባስ ዘንዘልማ ሄድሁ። ከመንገዱ የባጃጅ ልጅ አሳፍሮ ቤቷ ደጅ አደረሰኝ። ያ ሁሉ የጤፍ ማሳ ቤት በቤት ሆኗል። ግቢዋ ውስጥ ጌሾ ተክላለች። ካባው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ስታየኝ ዘላ አቀፈችኝ፤ በዚያ ዕድሜዋ ዘላ! አስቀመጠችኝና ጠላ ቀዳችልኝ። ጠላዋ ጥሩ ነው፣ ምን ላድርግ።

«ምን ሁነሻል፣ ፊትሽ ጠቁሯል?» አለችኝ።

«አያሌው ምን ብሎ ነገረሽ?» አልኋት።

«ምኑን?»

«መኪናው መቼ እንደሚወጣ። በየት እንደሚሄድ። የት ሁናችሁ ነው የነገረሽ?»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዓይኔን አየችና ሳቋን አቆመች። «አንቺ፣ ይኸን ይዘሽ ነው የመጣሽ?» አለች። «ባልሽ እንደምን አደርሽ፣ እንደምን ዋልሽ ተማለት በቀር አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔማ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ጠላ ቅመስልኝ ብየዋለሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው ብየዋለሁ። ደኅና ነው ብሎኝ ያልፋል። በስተኋላ ተውሁት።»

«ሞክሬዋለሁ ነው ያልሽው?»

«ሥራዬ ነበራ!»

«ታዲያ ከዚያ ቤት አወቅሁ ያልሽው ከማን ነው?»

«ካንቺ ነዋ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። «ከእኔ ቃል ወጥቶ አያውቅም» አልሁ። ይህን ስል ተነሥቼ ቆሜ ነበር።

«ቃል አልወጣሽም። እሱን ማን ይክድሻል! ጋቢውን ግን አጥሩ ላይ ታሰጭው ነበር» አለች። «ገብሱ ሲሸተኝ ሊወጣ ነው እላለሁ። ጋቢው ከወጣ ደብረ ታቦር ነው። ገብሱ ሸትቶ ጋቢው ካልወጣ ቆላ ነው። ጋቢ ደግሞ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀን ዘጌ ተሻግሬ፣ ጌሾ ለሚያቀብለኝ ሰው በቃሌ ነግሬ ለመመለስ ይበቃኛል። እንደ ሰው ጓሮሽ ብታሰጪው ኖሮ እኔም ምንም አላውቅ። አንቺ ግን ዓይኔ ሥር አመጣሽልኝ። ይቺ ሴት እግዜር የላከልኝ ናት እያልሁ አይሽ ነበር።»

ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታ ነው። አልነገራትም! ሞክራ እንኳ አልነገራትም! አያሌው የእኔ ነበር፤ ክላክሱም የእኔ ነበር። መቃብሩ ድረስ ሮጬ እልል ልልለት አማረኝ። ደስታው ግን የጠላው አረፋ እስኪጠፋ ድረስም አልቆየ። ያ ነጭ ጋቢ ሁለት ቀን ሙሉ አጥሩ ላይ ተዘርግቶ፣ እሷ ትኩር ብላ ስታየው፣ እኔ በመስኮት ልቤ ቅቤ ሲጠጣ ታየኝ። ቆሽቷ ይረር ብዬ ነበር ያሰጣሁት። የእሷ ቆሽት አላረረም። ዳገቱ ላይ የወደቀው የእኔው ባል ነው።

«የቆሰለ ጊዜም በጋቢው ነው?» አልኋት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ድምፅዋ ቀነሰ። «ዘጌ ሄጄ ተናግሬ ተመለስሁ። እቤቴ ስገባ ጋቢው ገና አጥሩ ላይ ነበር፤ አንቺም ልጅሽን አዝለሽ ስታገላብጪው አየሁሽ። ያን ጊዜ የሠራሁት ታየኝ። የወጣ ቃል አይመለስም። ኮሶውን ፈልጌ ያመጣሁት ለዚያ ነው። ኮሶ ከጠጣ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ይነዳለታል አልሁ። ሌላውም ሰው የሰው ልጅ ነው፤ እሱን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ።»

ኮሶውን የት እንደደፋሁት አልጠየቀችኝም። ዱባው ትዝ አለኝ። አምሮኝ እንደ ጀብዱ ሳወራው የኖርሁትን ነገር ለእሷ አልነገርኋትም። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን እኔው ነኝና፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የጨበጥሁት አንድ ነገር ነው።

«ስለዚህ ትወጅው ነበር» አልኋት። «ካልወደድሽው ለምን ልታድኚው ፈለግሽ? የራስሽን ሰዎች ሥራ ልታበላሺ?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተናደደች መሰለኝ፤ ግን አልተናደደችም ነበር።

«አይ ጥሩዬ» አለች፤ «አያሌውን ምን አውቄው! አንቺን ጥቁር ለብሰሽ ማየት ነው ያልቻልሁ። ምጥሽን ይዤ ያደርሁ እኔ አይደለሁ? በዚያ ከተማ ውስጥ ማን እንደሆንሁ የሚያውቅ አልነበረኝም፤ ስሜን ጠርቶ ነይ እንጂ፣ ምነው ጠፋሽ የሚለኝ ግን አንድ ሰው ነበረኝ። በሩን ብትዘጊብኝም፣ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ።»

ይቅር በይኝ አላለችኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ አላልኋት። እግሩ ያነከሰው የእኔ ባል ነው፤ ይህ በአንድ ብርጭቆ ጠላ አይታጠብም። ልነሣ ስል ካባውን ከላስቲኩ አወጣችና «ግማሹ ያንቺ ነው» ብላ ትከሻዬ ላይ ልታደርገው መጣች። «ተይኝ» አልኋት። ልለብሰው ግን ፈልጌ ነበር። በሩ ድረስ ሸኝታኝ «ጠላው ሳያልቅ ተመለሽ» አለችኝ። «ነይ እንጂ፣ የእኔስ ቤት ጠፋሽ?» አልኋት። አፌ ለምዶት ነው የወጣው። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አየኋት።

መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ልጁ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። አሁን ማን ላይ ልቅና እያልሁ አሰብሁ። ስጠብቀው የኖርሁትን ባል ሌላ ሰው አልነካውም። እኔ አጠገቡ ተኝቼ ሳላውቅ፣ እሷ ግን ነገ ምን እንደሚደርስበት አውቃ ማደሯ ነው አሁን የሚያቃጥለኝ። ሚስቱ እኔ ሆኜ፣ የዚያን ሌሊት ጭንቀቱን የተጨነቀችው እሷ ናት።

ወደ አስፋልቱ ልንወጣ ስንል፣ ከአንድ አዲስ ቤት የቆርቆሮ አጥር ላይ የታጠበ ጋቢ ተሰጥቶ አየሁ። ውኃው ገና ይንጠባጠባል። «ቀስ በል እስኪ ልጄ» አልሁት። ብርድ አገር የሚሄድ ሰው አለ፤ ከነገ ወዲያ ነው የሚወጣው። አንዲት ወጣት ሴት እጀታዋን ሰብስባ የጋቢውን ጫፍ ታቃናለች፤ ከፊት ለፊት ካለው ቤት ደጃፍ ሌላዋ ቁማ ታያታለች። የምታሰጣው ለማንም ብላ አይደለም፤ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ቀናሁባት።